ዝም ባለበት የሚገፋው ስፒከር

«ምንም ሳይገባበት ለምን ይገፋል ታዲያ? ወላሂ አንተ ነህ የነካካኸው!»

«እኔ ሽቦውን እንኳ አልነካሁም!»

ወንድሜ በጣቱ የስፒከሩን ወረቀት አሳየኝ። ገና ድምፅ ሳንለቅበት ወደ ፊት ወጥቶ እንደተነፋ ጉንጭ ቀርቷል። እናታችን በሩ ላይ ቆማ፣ «ይኸ ዕቃ እንደናንተው እልኸኛ ነው» አለች። የሳቀላት አልነበረም።

ዛሬም የጋለ ሽቦ ሲሸተኝ፣ ያቺ ጉም የሚገባባት የደሴ ክፍላችን ትመጣብኛለች።

ወንድሜ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ሥራው ሲቆም በባቲ በኩል ወርዶ ዓረብ አገር ሊሻገር ከደላላ ጋር ተነጋገረ። እናቴ አልቅሳ ለመነችውና በመጨረሻ ተስማሙ። በእጁ የሠራው አምፕሊፋየር ለመውሊዱ ከበቃ፣ የመንዙማው ሰዎች የድምፅ ሠራተኛ አድርገው ይይዙታል፤ አይሄድም። ካልበቃ ግን «አትሂድ» አትለውም።

ኮምቦልቻ በተከራያት ክፍል፣ በዚያ ሙቀት፣ ሲለካው ደህና ነበር። የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ጭኑ ላይ አቅፎት ወጣ። ደሴ ብርድ ውስጥ ሲያበራው ግን፣ ምንም ድምፅ በሌለበት ዜሮ ማለት የነበረበት መለኪያ ሜትር ቮልት ያሳይ ጀመር፤ የስፒከሩን ወረቀት የሚገፋውም ያ ቮልት ነበር። የማስተካከያዋን ብሎን እያዞረ ወደ ዜሮ ይመልሰዋል፤ ዕቃው ሲሞቅ ደግሞ ይሸሻል።

የአምፕሊፋየሩ መግቢያ ላይ ያሉት ሁለት ትራንዚስተሮች መንታ፣ ጠባያቸው ፍጹም አንድ መሆን ነበረበት። እኛ የነቀልናቸው ከተለያዩ የሞቱ ቴፖች ነበር። ቦታቸውን ቢያቀያይራቸው፣ ወደ ውጭ ይገፋ የነበረው ወረቀት ወደ ውስጥ ተመጠጠ። «አገኘሁት! እነሱ ናቸው!» ብሎ ጮኸ። ማግኘቱን አገኘው፤ የሚተካው ግን ከየት ይምጣ? ደሴ ፒያሳ ያሉትን ሬዲዮ ጠጋኞች ሁሉ ዞርን። አንዱ፣ «መንታ ከፈለጋችሁ ሆስፒታል ሂዱ» ብሎ ሳቀብን።

ሁለቱን አጣብቆ እኩል እንዲሞቁ ማድረግ እንደሚረዳ ከዓመታት በኋላ አነበብኩ። የምነግረው ግን የለም። የወንድሜ ስልክ አይነሳም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የመንዙማው መሪ መጡ። እንደቆሙ፣ «እስቲ ይሰማ ልጄ» አሉ።

«ትንሽ ይታገሱኝ አባቴ» አለና ሜትሩን ዜሮ ላይ አቁሞ ከስልኩ መንዙማ ለቀቀ። ድቤው ሲገባ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። እናቴ አፏን በእጇ ይዛ አየችኝ፤ ዓይኗ ይስቅ ነበር። ሽማግሌው ራሳቸውን እየነቀነቁ መንዙማውን በዜማ ተቀበሉት። ከዚያ ድምፁ እየታነቀ፣ እየታነቀ ሄደ። ከወረቀቱ ሥር ቀጭን ጢስ ወጣ። ያለን ስፒከር ያ ብቻ ነበር።

ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉለት። «አላህ ከዚህ የተሻለውን ይስጥህ።» ወሎ ያደገ ሰው እንዲህ ያለው ምርቃት እምቢታ መሆኑን ያውቃል። ወንድሜም «አሚን» አለ።

በማግስቱ ጧት እናቴ ቃሏን ጠበቀች። ባጃጁ ውጭ ጡሩምባውን ሲነፋ፣ «ጫማህን እሰር» ብቻ አለችው። አጎንብሶ አሰረ። ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ፤ የቆርቆሮው በር ከኋላው ተዘጋ።