ራጅ ሳልነሳ የመሰከርኩት ፈውስ

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ። ዛሬ የቆምኩት ባለፈው ዓመት እዚሁ ቦታ የመሰከርኩትን ለማረም ነው። መምህር ነኝ፤ የተማሪን ስህተት በቀይ እስክሪብቶ አርማለሁ፣ የራሴን ግን ዓመት ሙሉ ሸፍኜ ኖርኩ።

ታስታውሳላችሁ፣ "ከአንጀት ሕመም ጌታ ፈወሰኝ" ስል ሃሌ ሉያ ብላችሁ ቤቱን አናወጣችሁት። ተጸልዮልኝ ሁለት ቀን ቀለል ብሎኝ ነበር። ልመሰክር የመጣሁ ዕለት ጠዋት ግን ከሰገራዬ ጋር ይወጣ የነበረውን ደም እንደገና አይቼዋለሁ። ስሜን ለምስክርነት አስመዝግቤ ነበርና መድረክ ላይ ወጣሁ። እውነቱን ልናገር? ከጸሎቱ በፊት ያየኝ ዶክተር "የትልቁ አንጀት ራጅ ይነሳሉ፤ ነጭ ፈሳሽ በፊንጢጣ ይገባል" ሲለኝ ነው ለመፈወስ የቸኮልኩት።

ከዚያ በኋላ ሆስፒታል እንዴት ልሂድ? ከቢጠና ከተማ እስከ ጉኑኖ የሚያውቀኝ ሰው አለ። ተፈወስኩ ያለ ሰው ካርድ ሲያወጣ ቢታይ ምን ይባላል? ለጌታ ስም የተቆረቆርኩ መስሎኝ የራሴን ስም ነበር የምጠብቀው። ሱሪዬ እየሰፋኝ ሄደ። ልብሴን ስታጥብ ደሙን ያየችው ባለቤቴ ዓለሚቱ አንድ ቀን ፊቴ ቆመች። "ለልጆቹ ምን ልበላቸው? አባታችሁ ተፈውሶ ሞተ ልበላቸው?" አለችኝ።

ሆስፒታል ሄድኩ። ከራጁ በፊት ባለው ቀን የሚፈቀደው ሻይ ያለ ወተት፣ ቀጭን መረቅና ውኃ ብቻ ነው፤ የሚያስቀምጥ መድኃኒትም ይሰጣል። ብዙ ጾሜአለሁ፣ ወገኖች፣ ግን ሥጋና የሚያቃጥል ዳጣ የለመደ ሆድ እንደዚያ ቀን ተዋርዶ አያውቅም።

በማግስቱ ራጅ ክፍል ስገባ ጋዋን ለብሳ የምትጠብቀኝ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የእኛው እህት ምሕረት። ስመሰክር ፊት ወንበር ላይ ሆና እልል ያለችልኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እሷ ግን አንሶላ አለበሰችኝና፣ "ጋሼ፣ በግራ ጎንዎ ይተኙ" አለችኝ። "ቱቦው ቀጭን ነው። ፈሳሹ ሲገባ ሆድዎ ይወጠራል፣ ቁርጠትም ይኖራል። ቀስ ብለው በአፍዎ ይተንፍሱ፤ ከበዛብዎ ይንገሩኝ።" እያገላበጠች፣ ትንፋሼን እያስያዘች ራጁን አነሳችኝ። ቆነጠጠኝ እንጂ አልገደለኝም። ዓመት ሙሉ የሸሸሁት ይኸው ነበር። "ሁለት ሦስት ቀን ነጭ ሰገራ ይወጣዎታል፣ አይደንግጡ፤ ውኃ በደንብ ይጠጡ" አለችኝ።

ያኔ አለቀስኩ። "ምሕረት፣ ያን ቀን ዋሽቻለሁ" አልኳት።

"ጋሼ፣ ጌታ እኮ ራጅ ክፍልም ይገባል" አለችኝ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈሰችም፤ የምናገረው እኔው ነኝ። እዚያው አልጋ ላይ ንስሐ ገባሁ።

ራጁ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል እብጠት ታየች። አወጡልኝ። ዶክተሩ የእብጠቷን ምርመራ ውጤት ይዞ፣ "ወደ ክፉ ሳትለወጥ ደረስንባት። ቢዘገዩ ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው" አለኝ። ክብር ለስሙ ይሁን። ደሙ ቆሟል፣ ሱሪዬም ልኬ ሆኗል። ዓለሚቱ አሁን "ልብስህን ሳጥብ እዘምራለሁ" ትላለች።

ከመካከላችሁ እንደ እኔ ደሙን ደብቆ የሚዘምር ካለ፣ ጸልይ፣ ነገ ጠዋትም ተመርመር። ካፈርክ እኔ አብሬህ ካርድ አወጣለሁ፤ አሁን ማንም ቢያየኝ ግድ የለኝም። በጌታ ታመን፣ እሱ እውነትን አይፈራም።

ባለፈው ዓመት አሜን ያላችሁልኝ ለውሸቴ ነበር። ዛሬ እንደገና በሉልኝ።