ያጠበቅኩት ሜትር

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። የመጀመሪያው ሰሚዬ እርስዎ ነዎት፤ ቢፈርዱብኝ አልቀየምም።

በጃንሆይ ዘመን ዲላ ድሬሰር ነበርኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ሐኪም ለእንቅርት የሚሆን አዲስ መርፌ ሊሞክር ዲላ አጠገብ ወዳለችው ጪጩ ሲወርድ እኔን ለኪ አድርጎ ወሰደኝ። ሥራዬ ከመርፌው በፊት እንቅርት ያለባቸውን የመንደሩን ሴቶች አንገት በልብስ ሰፊ ሜትር መለካት፣ ከወራት በኋላም መልሶ መለካት ነበር። የቀነሰላቸው መርፌውን ይቀጥላሉ። ያልቀነሰላቸው አዲስ አበባ ተወስደው በቀዶ ጥገና ይወጣላቸዋል።

ሐኪሙ ሥራዬን ከወደደው ትምህርት ቤት ሊያስገባኝ ቃል ገብቶልኛል። ቀንስልኝ ብሎ ግን አላዘዘኝም። ፊቱ ሲበራ ለማየት የጓጓሁት እኔው ነኝ። ሁለተኛው ልኬት ሲደርስ ሜትሩን ሳብ አደረግኩት። እንቅርት ለስላሳ ነው፤ ሲጫኑት ይገባል። ኃጢአት እንዲህ እንደሚቀል ማን ያስባል?

አየለች የምትባል የልጆች እናት ነበረች። እንቅርቷ ትንፋሽ እያሳጣት በጀርባዋ መተኛት አትችልም። ሜትሩን ሳጠብቅባት እጄን ያዘችኝ።

«ወንድሜ፣ እሱ አልቀነሰም። ያነቅከኝ አንተ ነህ።»

ሰምቻታለሁ። አልሰማሁም ብል ይቀለኝ ነበር። ለሐኪሙ «ቀንሷል» አልኩት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ትንፋሿም ተሻሽሏል ብዬ ጨመርኩበት። እሷም ሐኪሙን አፍራ ነጠላዋን አንገቷ ላይ መለሰች። ሜትሩን ብስብም ያልቀነሰላቸው ሌሎቹ ለቀዶ ጥገና መኪና ላይ ሲሳፈሩ እሷ ቆማ ታይ ነበር።

በዚያው ክረምት ታፍና ሞተች። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ ልሄድ ልብሴን እያዘጋጀሁ ነበር። መርፌው ይሥራ አይሥራ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሐኪሙም አላወቀም፤ የሚያውቅበትን መንገድ እኔ አበላሽቼበታለሁ። ያበላሸሁት አውቄ ነው፣ በገዛ እጄ ነው።

ለቅሶ ደረስኩ። ለምን ሄድኩ? አዝኜ ነው እንዳልል፣ የፈራሁት እንዳይነቃብኝ ነበር። ባሏ ከተቀመጠበት ተነስቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

«ብዙ ለፋህላት፣ ዶክተር» አለኝ። «እጅህ ይባረክ።»

አሜን አልኩ።

ስለ ሜትሩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ወጣት ነበርኩ፣ ድሃ ነበርኩ አልልም። ስለዚያ አሜን ግን ይቅርታ የምጠይቅበት አፍ የለኝም።