የላውንደሪው ትርፍ ፊደል

ቡልቡላ ላይ ኮንዶሚኒየም እንደ አሸን በሚፈላበት ዘመን ቦሌ ውስጥ ለጎልማሶች እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። የሚያበግነኝ ተማሪዎቹ ሳይሆኑ መንገዱ ነው። አዲስ ሕንፃ በተከፈተ ቁጥር አዲስ ስህተት ይሰቀልበታል። ክፍል ውስጥ ያረምኩትን ቃል ከታክሲ መስኮት ተሳስቶ ያዩትና፣ "ቲቸር፣ በመብራት የተጻፈ እንዴት ይሳሳታል?" ይሉኛል።

ስለዚህ አንድ ዘዴ አስያዝኳቸው። ረጅም ቃል ስታዩ ውስጡ የምታውቁትን ትንሽ ቃል ፈልጉ፤ ካጣችሁት ተጠራጠሩ። ላውንደሪ የምንለው ቃል ሲጻፍ መጨረሻው ላይ "ድራይ" አለ፣ ደረቅ ማለት ነው። እኛ "ደሪ" ስላልን ብቻ በዲ እና በአር መካከል ሌላ ፊደል አይገባም።

ትምህርቱ ከሁሉም ዘግይቶ የሚገባቸው አንዲት እናት ነበሩ። ቡልቡላ ገና እርሻ ሳለች እዚያው ያደጉ፣ አፋቸውን በኦሮምኛ የፈቱ፤ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሊከፍቱ ሽር ጉድ ላይ ነበሩ። አንድ ቅዳሜ ደወሉልኝ።

"ቲቸር፣ ድረሽልኝ! ይሄ ሰውዬ ሰሌዳዬን አበላሸው።"

ስደርስ ማስታወቂያ ሠሪው መሰላል ላይ ቆሟል።

"ድራዩ የታለ?" ይሉታል።

"እማማ፣ ማድረቂያ ማሽን እኔ አልሸጥም!"

"ማሽን መች አልኩህ? ቃሉ ውስጥ ያለውን ነው!"

ቀና ብዬ አየሁ። በዲ እና በአር መካከል አንዲት ኢ ተሰንቅራለች። እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ሰውዬው ግን ስልኩን አውጥቶ የሠራቸውን ሰሌዳዎች ደረደረልኝ፤ ሁሉም ላይ ኢ አለች።

"ቦሌ በሙሉ ተሳስቶ አንቺ ብቻ ልክ ነሽ?"

ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተከራከርኩት። በመጨረሻ እያጉረመረመ ፊደሏን ነቅሎ ሄደ፤ ቦታዋን እንደወለቀ ጥርስ ክፍት ትቶት።

ከዚያ ወዲያ ደንበኛው ሁሉ፣ "እማማ፣ አንድ ፊደል ወድቆብዎታል" ይላቸው ጀመር። አንዱማ ብሎ ብሎ ክፍቱን በማርከር ሞላላቸው! ሠሪው ስልክ አያነሳም። እኔ ማስተማሩን እርግፍ አድርጌ ልተወው ደረስኩ።

በሳምንቱ እማማ ጣታቸው ማስቲሽ በማስቲሽ ሆኖ ክፍል ገቡ።

"ምን ሆኑ?" አልኳቸው።

"መሰላል ከግንበኞቹ ተውሼ ፊደሎቹን ራሴ አስጠጋኋቸው። እሱን ስጠብቅ ላርጅ እንዴ?"

ከትምህርት በኋላ ሄጄ አየሁት። መጨረሻ ላይ ያለችው ዋይ ዘመም ብላለች። ቃሉ ግን ልክ ነው።