ጥምጥሙ ሁሉን ያውቃል

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጎንደር ላይ መጻሕፍት ሲያስተምሩ የኖሩት አጎቴ አርፈው ትናንት ተዝካራቸው ወጣ። ሰው ከባድ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ፣ በር ላይ ካለችው መደብ ተቀምጠው መጀመሪያ ጥምጥማቸውን ያወልቁና ጉልበታቸው ላይ ያደርጉት ነበር። «ጥምጥሙ ሁሉን ያውቃል፤ እኔ ግን አላውቅም» ይላሉ። እኔም ቄስ ነኝና፣ በተማሪዎቻቸው ፊት እንዲህ ሲሉ አፍርባቸው ነበር።

የተዝካሩ ሰው ከተበተነ በኋላ አንዲት የቀሐ ሰፈር ሴት እሳቸውን ፍለጋ መጣች። ማረፋቸውን አልሰማችም ኖሯል። ስነግራት አለቀሰችና ጥያቄዋን ለእኔ አቀረበች። ሴት ልጇ ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳትነሳ ሞታባታለች።

«ነፍሷ የት ትሆን አባ?»

እኔም እንደቆምሁ፣ ከውኃና ከመንፈስ ያልተወለደ መንግሥተ ሰማያት እንደማይገባ ከወንጌል ጠቅሼ መለስሁላት። አነጋገሬ ለራሴም ሸጋ መስሎኝ ነበር።

ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቀና ብላ ራሴ ላይ ያለውን ጥምጥም አየችው።

«ምነው አባ፣ እሳቸው እኮ ጥምጥማቸውን ያወልቁ ነበር» አለችኝ።

አጎቴ ይቀመጡባት የነበረችው መደብ አጠገቤ ባዶዋን ነበረች። ተቀምጬ ጥምጥሜን ጉልበቴ ላይ ሳደርግ፣ ሴትዮዋ ከግቢው ወጥታ ሄዳለች።