አው አደም የመረጡት መርፌ

ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ልብስ ሰፊዎቹ በተደረደሩበት መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ፣ አው አደምን የማያውቅ የለም። በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር ይሰካሉ፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቃቸው ለደንበኛው ሁሉ ይናገራሉ።

ባለፈው ዓመት ግን ድካም ያዛቸው። ዳገት ሲወጡ መሃል ላይ ይቆማሉ። ድዳቸው ይደማል፤ ምንም ሳይመታቸው ክንዳቸው ይበልዛል። ባለቤታቸው ፋጡማ ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። የደም ምርመራው ስላላማረ አዲስ አበባ ተላኩ፤ እዚያም ከዳሌ አጥንታቸው መቅኔ ተወስዶ ታየ። ቶሎ የሚብስ ዓይነት የደም ካንሰር ሆኖ ተገኘ።

ዶክተር ማርታ ወንበሯን ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ሦስት መንገድ አለን፣ አባባ። አንደኛው ጠንካራ ኬሞ ነው፤ አንድ ወር ያህል ሆስፒታል ያስተኛል። በሽታውን ሊያጠፋው ይችላል፤ ግን ልብዎ ደካማ ስለሆነ መድኃኒቱ ራሱ እንዳይጎዳዎ እፈራለሁ። ሁለተኛው በየወሩ ለጥቂት ቀናት ከቆዳ ሥር የሚወጉት መርፌ ነው፤ መጠኑ ትንሽ ነው። ጨርሶ አያድንም፤ ከሠራ ግን ጊዜ ይሰጣል። ሦስተኛው ካንሰሩን ሳንነካ ደም እየሰጠን፣ ሕመምዎን እያስታገስን መቆየት ነው።»

«መርፌው ምን ያህል ዕድሜ ይጨምርልኛል?»

«ወራት። ዓመት ከሞላ ደስ ይለኛል።»

አው አደም ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ቤቴ ተቀምጠህ ስታናድደኝ ነው የምፈልገው» አሉ ፋጡማ፤ እያለቀሱ ሳቁ።

መርፌውን መረጡ። የመጀመሪያውን ዙር አዲስ አበባ ጨርሰው ቀሪውን ሐረር ይወጉ ጀመር። በየመሃሉ ደም ያስፈልጋቸው ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ አጠገባቸው የሰፉት ጓደኛቸው ተክለጻድቅ ደም ልስጥ ብለው ሄደው፣ ዕድሜዎ አልፏል ተብለው ተመለሱ። በጣም ተናደዱ። በማግስቱ ልጃቸውን ብሌንን አሰጥተው መጡ።

«ይኸው፣ የእኔው ደም ነው፤ አዲሱ!»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ አው አደም። «ታዲያ እሮብና ዓርብ ሥጋ ሊያስጠላኝ ነው?»

በሦስተኛው ወር በረታ አሉ። ግማሽ ቀን እየሰፉ፣ ግማሹን እያወሩ ዘጠኝ ወር ቆዩ። ከዚያ መርፌው መሥራት አቆመ። ዶክተር ማርታ ሌላ መድኃኒት እንሞክር ብላ ስትደውል፣ «አንቺ ደክመሽልኛል፣ ልጄ፤ አሁን ይብቃኝ» አሏት። ከዚያ በኋላ ደምና የሕመም ማስታገሻ ብቻ ወሰዱ።

ረመዳን ሊገባ ሲል፣ እጃቸውን ፋጡማ እንደያዙላቸው፣ ቤታቸው ዐረፉ። ተክለጻድቅ ሦስቱንም ቀን ከለቅሶው ቤት አልተለዩም፤ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ውሃ የሚያቀርቡት እሳቸው ነበሩ።