ሰላምታውን ብቻ የላከው ቁልፍ

ባለፈው እሑድ አጎቴ ጋሽ ወርቁ ካምፓላ ውስጥ ንቲንዳ ከሚባለው ሰፈራቸው ደውለው በኮምፒውተራቸው ተማረሩ። አዲስ መስመር ልጀምር ብለው ኢንተር የሚለውን ቁልፍ ሲነኩ ያልጨረሱት መልእክት እየሄደባቸው ነው። «ስልኬ ላይ እኮ መስመር ያወርድልኛል» አሉኝ። ሳቄ መጣ፤ ያንን ቁልፍ ከእሳቸው በፊት አውቀዋለሁ።

የኮሮና ወረርሽኝ በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጋሼ ካምፓላ አምጥተው ሒሳብ ሥራ ሲያስተምሩኝ አቋርጬ ካንሳንጋ ሰፈር አንድ ዳቦ ቤት ተቀጠርኩ። «እኔ ቤት የሚያድር ይማራል» ሲሉኝ ልብሴን ሰብስቤ ወጣሁ። አምስት ወር ሙሉ ተኳረፍን። እልኸኛ ነኝ፤ እልኹንም የወረስኩት ከእሳቸው ነው።

ሐምሌ ገብቶ አየሩ ቀዝቅዟል። ከተማው ስለተዘጋ ቦዳ የሚባሉት የሞተር ታክሲዎች ዕቃ እንጂ ሰው አይጭኑም፤ ዳቦ ቤቱም አይሠራም። ሥራ ፈትቼ ቂሜን ሳብላላ ሰንብቼ «ከእንግዲህ አይፈልጉኝ» ብዬ ልጽፍላቸው ቆረጥኩ። የስልኬ መስታወት ተሰንጥቆ ስለነበር የጎረቤቴን ላፕቶፕ ተዋስኩ። ዮናስ ይባላል፤ ስልክ የሚጠግን ኤርትራዊ ነው። አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሮሌክስ የሚሉትን፣ በቻፓቲ ቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል ይበላል፤ የቻፓቲውና የእንቁላሉ ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

ደብዳቤ አጻጻፍ ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። ለተኳረፉት ሰው ሲጻፍም ሰላምታ ሳይጓደል ይቀድማል፤ ጉዳዩ ከአዲስ መስመር ይጀምራል ይሉ ነበር። እኔም እንደ ደንቡ ጻፍኩ፦ «ለማከብርዎና ለምወድዎ አጎቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» ናፍቆቱን ያስገባሁት ለወጉ ነው፤ ቢያንስ ያኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወደ ጉዳዬ ልገባ ኢንተርን ነካሁ። ሰላምታው ብቻውን ሄደ።

ዮናስ እያኘከ፣ «ስልክ አይደለም እኮ። መስመር ለመውረድ የሺፍትን ቁልፍ ይዘሽ ነው የምትነኪው» አለኝ።

ምን ላድርግ ብዬ ስደናገር ስልኬ ጠራ። ጋሼ ናቸው። «እኔም ናፍቀሽኛል። መጀመር አቅቶኝ ነው» አሉ።

አለቀስኩ። በማግስቱ አንድ ቦዳ ከጋሼ የተላከ የሚቀቀል ሙዝ፣ ማቶኬ፣ ጭኖ መጣ። በላዩ እሳቸው ቤት ትቼው የወጣሁት ሹራብ ታጥቦ፣ ታጥፎ ታስሯል።

ባለፈው እሑድ ታዲያ ሺፍትን ይዘው ኢንተርን እንዲነኩ ካስረዳኋቸው በኋላ ታሪኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኳቸው። ከሰላምታው ቀጥሎ ምን ልጽፍ እንደነበር ጠየቁኝ። አልደበቅኳቸውም።

«እንኳን ያኔ ሺፍቱን አላወቅሽ» አሉ።

እኔም እንኳን እላለሁ። ባውቅ ኖሮ ዛሬ እሑድ እሑድ የሚደውልልኝ ሰው ባልኖረኝ።