የስድስት ሰዓት ፀሐይ

ትናንት አንድ ወጣት ወረቀት ይዞ ደጃፌ ድረስ መጣ። ምርጫ ደርሷልና ቤት ለቤት እየዞሩ ነው። አነጋገሩ ትሁት ነው፣ ሸሚዙም ተተኩሷል። የመጣው ግን ፀሐይዋ ከበረደች፣ በሰፈራችን በከዚራ ዛፎች ሥር ነፋስ ከጀመረ በኋላ ነው።

«እናቴ፣ ድምፅዎን እንዲሰጡን ነው» አለኝ።

«ነገ በስድስት ሰዓት ተመለስና እንነጋገራለን» አልኩት።

ያሾፍኩበት መሰለው። አላሾፍኩም።

ወጣት ሳለሁ አንድ ጆንያ ፋብሪካ ውስጥ በስፌት እሠራ ነበር። ፋብሪካው ዛሬ የለም፤ ግቢው መጋዘን ሆኗል። ድሬዳዋ ቀትር ላይ የሚሠራ ሰው ብዙ አይገኝም። ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ውሻው እንኳ ከግድግዳ ጥላ አይወጣም። እኛም ስድስት ሰዓት ላይ ደወል ሲደወል ወደየቤታችን ሄደን ፀሐይዋ ስታዘነብል እንመለስ ነበር። ያረፍነውን ያህል አምሽተን እንሠራለን።

ከጎኔ የምትሰፋው ፋጡማ የምትባል የመጋላ ሰፈር ልጅ ነበረች፤ ቀልድ አያልቅባትም። ከወሊድ ስትመለስ ወንድ ልጇን ለእናቷ ትታ መምጣት ጀመረች። ደወሉ እንደተደወለ ደረቁን የደቻቱን ወንዝ ተሻግራ ትሄድና አጥብታ ትመለሳለች። ስትመለስ ባዶ እጇን አትመጣም፤ ወይ ሳምቡሳ፣ ወይ በወቅቱ የዘይቱን ፍሬ በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ታመጣልናለች። የዘይቱኑ ሽታ የቃጫውን ሽታ ያስረሳን ነበር።

ግንቦት ላይ ከደጋ አገር አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። የቀትሩ እረፍት ስንፍና መሰለው። ምሳችሁን እዚሁ ብሉና ወዲያው ወደ ሥራ፣ ማታ ቀደም ብላችሁ ትወጣላችሁ አለን። እሱ ባደገበት አገር ደግ ነገር ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ግን ላብ ላይ የቃጫ ብናኝ እየተለጠፈ ዓይናችን ይጨልም ነበር። የፋጡማ ጡት ደግሞ እየሞላ ቀሚሷን ያርሰዋል፣ ልጇ ማዶ ያለቅሳል።

«ወተቴን ጆንያው ጠጣው፣ አቦ» ትላለች እየሳቀች። ቆይታ መሳቁን ተወችው።

በዚያ ሰሞን ለከተማው ምክር ቤት ምርጫ ነበር። ትልቁ የአገር ምርጫ ገና ሩቅ ስለነበር ለዚህኛው ብዙም ግድ የሰጠው ሰው የለም። ወንበሩ የቁልፍ ምልክት በነበረው ፓርቲ እጅ ነው። እጩው አቶ ጌታሁን የሰፈራችን ሰው ናቸው፤ ቦኖ ውሃ ያስገቡልን እሳቸው ናቸው፤ ለቅሶ አይቀሩም። እኔም የምመርጠው እሳቸውን ነበር። ስብሰባ ሲጠሩን እጄን አወጣሁ።

«አቶ ጌታሁን፣ የቀትር እረፍታችንን ይጠይቁልን» አልኩ።

«እህቴ፣ እሱ የእናንተና የአሠሪያችሁ ጉዳይ ነው። እዚህ የምንነጋገረው ስለ ልማት ነው።»

«የፋጡማ ልጅ ማደጉ ልማት አይደለም?»

አዳራሹ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ልቤ የቆረጠው ያኔ ነው።

ሌላዋ እጩ የመሰላል ምልክት ይዛ የምትወዳደረው ወይዘሮ ሰዓዳ ነበረች፤ ልብስ ነጋዴ ናት፣ ብዙ ሰው አያውቃትም። ፋጡማ ሱቋ ድረስ ሄዳ ጠየቀቻት።

«እረፍቱን አስመልሳለሁ ብዬ አልዋሽሽም» አለቻት። «ነገ ግን በስድስት ሰዓት በራችሁ ላይ እቆማለሁ።»

እውነትም መጥታ ቆመች። ዘበኛው ጥላ ሥር ወንበር ቢያቀርብላት «እነሱ ሲወጡ እቀመጣለሁ» አለችው። እኛ እየሰፋን በመስኮት እናያታለን። በማግስቱም መጣች።

«ይቺ ሴትዮ ድምፃችንን ሳንሰጣት ልትሞትብን ነው» አለች ፋጡማ።

ከዚያ በኋላ ማሽኑ ላይም መንገድ ላይም ወሬያችን መሰላል ሆነ። ባለቤቴ የቁልፍ ሰው ነበር።

«ውሃ ያመጣልንን ሰው ትከጃለሽ?» አለኝ።

«ለውሃው አመስግኛለሁ። ስለ ወተቱ ስጠይቀው ግን ሳቀብኝ» አልኩት። ማንን እንደመረጠ እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

መሰላል አሸነፈ። ሰዓዳ ምክር ቤት ገብታ ብቻዋን ምን ልታደርግ እንደምትችል አላውቅም ነበር፤ ነገሩ ግን ባላሰብኩት በኩል መጣ። ብዙም ሳይቆይ ሥራ አስኪያጁን ለማነጋገር በመኪና የመጡት የቁልፎቹ ሰዎች ናቸው። ወንበር ማጣት ምን እንደሆነ ቀምሰዋል፣ ትልቁ ምርጫ ደግሞ ከፊታቸው ነው። የአሠሪያችሁ ጉዳይ ነው የተባልነው ነገር የእነሱም ጉዳይ ሆነ። ደወሉ እንደ ድሮው በስድስት ሰዓት ተደወለ።

ፋጡማ ማንንም ሳትጠብቅ ሮጠች። ስትመለስ ሻሿ ጫፍ ላይ የተቋጠረ ነገር አልነበረም።

«እንዴት ነው?» አልኳት።

«ጡቴን ሰጠሁት፣ ፊቱን አዞረ። ወተቴ ደርቋል። የፍየል ወተት ለምዷል» አለችና ማሽኗን መርገጥ ጀመረች።

ያ ልጅ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል፤ በር ሲገባ ጎንበስ ይላል። ምንም አልጎደለበትም። ፋጡማ ነገሩን ስታነሳው ትስቃለች፤ እኔ ግን እስከ አሁን አልሳቅኩም። እረፍቱን መለሱልን ተብሎ ሲወራ፣ የተመለሰው ሁሉ አይደለም እላለሁ።

አሁን ደግሞ ልጄ ሌላ ፋብሪካ ውስጥ ስፌት ትሠራለች። ሕፃኗን ለእኔ ትታ በጠዋት ትወጣለች፣ ምሳዋን እዚያው በቁሟ ትበላለች። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሕፃኗ ጭኔ ላይ ማልቀስ ትጀምራለች። ጡጦ ብሰጣት ትተፋዋለች። ያ ወጣት መጥቶ ልቅሶዋን ይስማ፣ ከዚያ ስለ ድምፄ እንነጋገራለን።

ዛሬ እመጣለሁ ብሏል። ወንበር አውጥቼለታለሁ። ጥላው ሥር አላደረግኩትም።